ድሮኑን ከማስነሣትህ በፊት፦ ለወጣት ቀያሽ የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ መልእክትህ ደርሶኛል። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ገጠር መሬት በድሮን ልትቀይስ ተነሥተሃል፤ ሌዘር ልከራይ ወይስ በካሜራ ልሥራ ብለህ ጠይቀኸኛል። ጥያቄህ ደግ ነው። ግን መልሱን በሻጮች በራሪ ወረቀት ላይ ስትፈልግ እንደቆየህ ከአጻጻፍህ ገብቶኛል። እኔ በዚህ አገር መሬት በገመድ ሲለካ አይቻለሁ፤ በሜትር፣ በቶታል ስቴሽንና በጂፒኤስ ለክቻለሁ፤ ድሮን ሲመጣም ከልጆቹ ኋላ አልቀረሁም። እጅህ ፈጣን፣ ልብህም ቅን እንደሆነ አውቃለሁ። የሚጎድልህ ትዕግሥት ነው። ስለዚህ ስልክህን አስቀምጥና ይህን ምክር ረጋ ብለህ አንብበው።

1. መሣሪያ ከመምረጥህ በፊት በሥራው መጨረሻ የምታስረክበው ምን እንደሆነ በጽሑፍ አስቀምጥ። ደንበኛህ "ካርታ ሥራልኝ" ቢልህ ገና ምንም አልነገረህም። የሚፈልገው የማሳ ድንበር ነው? የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ? የሚቆረጠውንና የሚሞላውን አፈር? የዛፍ ቁመት? ድንበር ከሆነ ዓይን የሚያነበው ምስል ያስፈልግሃል፤ የታረሰውን ካልታረሰው፣ የሣሩን ጠርዝ ከእግር መንገዱ የሚለየው ቀለም ነውና። ሌዘር የሚሰጥህ ቦታና ከፍታ ያላቸው ብዙ ሚሊዮን ነጥቦች ነው፤ ማሳው ላይ የቀረው ቅሪት የጤፍ ይሁን የዳጉሳ ግን አይነግርህም። ዛፍ የሸፈነው መሬት ከፍታ ሲጠየቅ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ከሚመጣልህ ሥራ የሚበዛው ድንበርና ስፋት ስለሆነ፣ ሚዛኑ ከመነሻው ወደ ካሜራ እንዳዘነበለ እወቅ።

2. በሰማዩና በአፈሩ መካከል የቆመውን ሄደህ እይ። ካሜራ የላዩን ብቻ ነው የሚያየው፤ ቅጠል ካለ የቅጠሉን አናት ለክቶ ይመለሳል። ሌዘር አንድ ጊዜ የለቀቀው ጨረር ከፊሉ ቅጠል ነክቶ፣ ከፊሉ ቅርንጫፍ ነክቶ፣ የተረፈው አፈር ነክቶ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የዲጄአይ ኩባንያ ሌዘር ኤል1 ከአንድ ጨረር እስከ 3 ምላሽ፣ በ2023 የወጣው ኤል2 እስከ 5 ምላሽ ይቀበላሉ። ጓደኞችህ ይህን ሰምተው "ሌዘር ቅጠል ይበሳል" ይሉሃል። አይበሳም። ክፍተት ካገኘ ያልፋል፣ ካላገኘ እዚያው ይቀራል። መፈተኛው ገንዘብ አያስወጣም፦ ከዛፉ ሥር ግባና ቀና በል። ሰማዩ እዚህም እዚያም ብልጭ ካለልህ ጨረሩም መውረጃ አለው፤ ከጨለመብህ ለእርሱም ጨለማ ነው። ባሕር ዛፍ ተጠጋግቶ ቢተከልም ቅጠሉ ተንጠልጥሎ ስለሚያድግ ያሳልፋል። ጥዱና ወይራው የተደራረበበት የቤተ ክርስቲያን ደን ይከብደዋል፤ ቢሆንም ከካሜራው እጅግ ይሻላል። የቆመ ጤፍና ጥቅጥቅ ያለ ሣር ላይ ግን ሌዘርም አይረዳህም፤ ከቅጠሉና ከአፈሩ የሚመለሱት ምላሾች በጣም ስለሚቀራረቡ መሣሪያው አይለያቸውም። ይህን በራሪ ወረቀቱ ላይ አታገኘውም።

3. ለሌዘር ከመክፈልህ በፊት ወሩን ምረጥ። ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል፤ በቆሎው ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ደመናው ይወርዳል፤ ጥቁሩ አፈር መኪናህን ይውጠዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ጤፉ ይታጨዳል፣ በቆሎው ይሰበሰባል፣ የቡሬ በርበሬም ተለቅሞ ያልቃል። ያኔ የአንዱ ማሳ ቅሪት ቢጫ፣ የጎረቤቱ ቡናማ ይሆናል፤ በመካከላቸው ያልታረሰችው የሣር መስመር ከላይ ጥርት ብላ ትታያለች። አፈሩ ከተገለበጠ በኋላ ሁሉም አንድ መልክ ይይዛል፤ በጋው እየገፋ ሲሄድም አቧራና ጭስ ይበዛል። ስለዚህ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ የቀያሽ ወራት ነው። በጥር የተነሣ ተራ ፎቶ በነሐሴ ከተነሣ ውድ ሌዘር ይበልጥሃል። በብር ሸለቆ በኩል በመስኖ የሚለማው መሬት ግን በበጋም ሰብል ስለማያጣ፣ እዚያ ባለቤቱን "ሰብልህን መቼ ታነሣለህ?" ብለህ ጠይቅ እንጂ በዚህ ምክሬ ብቻ አትሂድ።

4. ድንበርን ከሰማይ አየሁ አትበል። ሁለቱም መሣሪያዎች መስመር ያያሉ፤ የማን እንደሆነ አያዩም። ያየኸው መስመር እውነተኛ ወሰን ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ሰው ማሳ ውስጥ ያለ እርከን ወይም ፈሰስ ሊሆን ይችላል፤ ድንበር ገፊ አምና ያዘዋወረውም ሊሆን ይችላል። የእኛ አገር ሰው ቀያሽ ሲያይ ፊቱን የሚያጠቁረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ ጎጃም ያመፀው በግብሩ ብቻ አልነበረም፤ መሬቴ ሲለካ ርስቴ ይሄዳል ብሎ ስለ ፈራም ነው። ፍኖተ ሰላም ያን ጊዜ የቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ አመፁ በዳሞት ምድርም በርትቶ ነበር፤ በመጨረሻም የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ እስከመነሣት ደርሰዋል። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ድልድል ሲደረግ ደግሞ ገመድ ይዞ በማሳ ላይ የታየ ሰው ለአንዱ ማግኘት፣ ለሌላው ማጣት ነበር። ያን ያዩ ሰዎች ዛሬም ከእርሻቸው ላይ አሉ። አንተ "ሦስት ሴንቲ ሜትር አይስትም" ብለህ ስትነግራቸው እነርሱ የሚያስቡት ሌላ ነው፤ መለኪያው ከማን ጋር እንደመጣ።

5. ከባለ ማሳዎቹ ጋር ሳትዞር ካርታ አትዝጋ። በአገራችን በሁለተኛው ደረጃ የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ የተያዘው መንገድ አስተዋይ ነበር። ከአውሮፕላን የተነሣውና እንደ ካርታ የተስተካከለው ፎቶ፣ ኦርቶፎቶ የሚባለው፣ በወረቀት ይታተማል፤ ባለ ይዞታው፣ አዋሳኞቹና የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ አብረው ማሳውን ይዞራሉ፤ የተስማሙበት መስመር እዚያው ፎቶው ላይ ይሰመራል፤ በኋላም ቅር ያለው እንዲናገር ለሕዝብ ይለጠፋል። ሩዋንዳም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ10 ሚሊዮን በላይ ማሳዎችን የመዘገበችው ከአየር በተነሣ ፎቶ ላይ መስመር በማስመር ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ገበሬው ሥዕሉን ማንበብ ስለሚችል ነው። ፊደል ያልቆጠሩ አዛውንት ዋርካቸውን፣ የቤታቸውን ቆርቆሮና የውኃ መውረጃውን በጣታቸው እየነኩ ሲያሳዩ አይቻለሁ። ያንኑ ቦታ በሌዘር በተሠራ የከፍታ ጥላ ሥዕል ብታሳያቸው ግራጫ ኮረብታ ብቻ ያያሉ፤ ያላወቁትን ሥዕል ደግሞ እንዴት ይፈርሙበታል? በድንበር ሥራ ፎቶን ከሌዘር የማስቀድምበት ትልቁ ምክንያቴ ይኸው ነው፤ ዋጋው እንኳ ሁለተኛ ነው። ስትዞርም ባሏ የሞተባትን ሴትና ሞግዚት የያዘውን የሙት ልጅ መሬት ተጠንቀቅ። እነርሱ በሌሉበት ቀን ጎረቤት ሁሉ ይስማማል።

6. የተነሣ ፎቶ ካለ አዲስ አታንሣ። አንተ ገና ባትሪ ስትሞላ፣ የምትፈልገው ኦርቶፎቶ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እዚያ ከጠፋ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትን ጠይቅ፤ የቀድሞውን የካርታ ሥራዎች ድርጅት ሥራ የወረሰው እርሱ ነው። የተነሣበትን ዓመትና የፒክስሉን ስፋት እይ። አንድ ፒክስል 25 ሴንቲ ሜትር መሬት ቢሸፍን ለእርሻ ማሳ ድንበር ይበቃል፤ ለከተማ ቦታ አይበቃም። ወጣት መሣሪያ ስለያዘ ብቻ ማብረር ያምረዋል፤ አውቀዋለሁ።

7. ከሰማይ በፊት ከምድር ፈቃድ ውሰድ። የወረቀቱን ፈቃድ ታውቀዋለህ፦ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አለ፣ የመረጃ መረብ ደኅንነት አስተዳደሩ ኢንሳ አለ፣ የአካባቢው አስተዳደርና ጸጥታ አለ። አንዱም አይዘለል። ከዚያ የሚከብደው ግን የሰዉ ፈቃድ ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰው መሞቱን የሆስፒታል ኃላፊ ለዓለም ዜና ወኪሎች ተናግረዋል። ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር በሰማይ የሚያጉረመርም ነገር ሲሰማ እናት ልጇን አንሥታ ትሮጣለች፤ እረኛው ከብቱን ጥሎ ከጥሻ ይገባል። ያንተ ማሽን ካሜራ ብቻ እንደያዘ ከታች አይታይም። አንተም ራስህ "ከወዲህ ነህ ወይስ ከወዲያ?" ተብለህ ትጠየቃለህ፤ መልስህ ደግሞ አይታመንም። ስለዚህ ውጊያ ባለበት፣ ወይም ትናንት በነበረበት ቀበሌ ድሮን አታስነሣ፤ ሌዘርም ቢሆን ፎቶም ቢሆን። በነባሩ ኦርቶፎቶና በእጅ ጂፒኤስ ሥራ፤ ያም ካልሆነ ውሉን መልስ። ሰላም በሆነበትም ቦታ ቀኑንና ሰዓቱን በቀበሌ ስብሰባ፣ በእድር፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ አስቀድመህ አስነግር። ማሽኑን መሬት ላይ አስቀምጠህ አሳያቸው፤ ልጆቹ ይንኩት። በቅዳሴ ሰዓትና በለቅሶ ቀን አታስነሣ። አንድ ሰው "በእኔ ማሳ ላይ አይሆንም" ካለ አትከራከረው፤ ያንን ማሳ በእግርህ ለካው። አለቃህ ስለ ጊዜ ሰሌዳ ቢያጉረመርም ይህን ምክር አሳየው።

8. ቁጥሩ ከየት እንደሚነሣ ሳታውቅ አንዲት መስመር አታስምር። የአገራችን ነባር ካርታና አብዛኛው የመሬት መዝገብ በአዲንዳን ዳተም፣ ማለት በአዲንዳን የመለኪያ መነሻ፣ በዩቲኤም ዞን 37 ላይ ተሠርቷል። ድሮንህ ቦታውን የሚያውቀው በደብልዩጂኤስ 84 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በእኛ ምድር ከ200 ሜትር ይበልጣል። የፒክስልህን ጥራት እያደነቅህ ሳለ አንድ ማሳ ከነዛፉ ተነሥቶ ከሌላ ሰው እርሻ መካከል ያርፍልሃል። ይህ ስሕተት ደግሞ በፎቶም በሌዘርም እኩል ይሠራል፤ ውድ መሣሪያ ከእርሱ አያድንህም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አሜሪካውያንና የእኛ ሰዎች በዓባይ ተፋሰስ ተራራ ለተራራ እየወጡ የጂኦዴቲክ ነጥቦች ተክለው ነበር፤ የአገሪቱ የካርታ ሥራ ሲመረኮዝባቸው ኖሯል። ከእነርሱ ወይም ከኋላ ከተተከሉት አንዱን ፈልገህ ቤዝህን፣ መሬት ላይ የምታቆመውን ጂፒኤስ፣ ከእርሱ ጋር አያይዝ፤ ከአዲሱ ወደ አሮጌው ስትቀይርም በምን ቀመር እንደቀየርህ ጻፍ። ከፍታውም እንዲሁ ነው። ሳተላይቱ የሚሰጥህ ከፍታና ከባሕር ጠለል በላይ የምንለው ከፍታ በሜትሮች ይለያያሉ። ሪፖርትህ ላይ የትኛውን እንደተጠቀምህ ካልጻፍህ ከአንተ በኋላ የሚመጣው መሐንዲስ ይረግምሃል፤ ይገባዋልም።

9. በፎቶ ከሠራህ በመደራረቡ አትሰስት። ሶፍትዌሩ ከፍታ የሚያወጣው አንዱን ነጥብ ከብዙ ፎቶ ላይ አግኝቶ ነው፤ ስለዚህ ፎቶዎቹ ወደፊት 80 በመቶ፣ ወደ ጎን 70 በመቶ ይደራረቡ። ባትሪ ለመቆጠብ ይህን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ፋንተም 4 አርቲኬ የተባለው ድሮን በ100 ሜትር ከፍታ ሲበር አንድ ፒክስል 2.74 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል፤ ለማሳ ከበቂ በላይ ነው፤ ሩጫ የለብህም። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ 2,100 ሜትር ገደማ ናቸው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ባትሪው ሣጥኑ ላይ የተጻፈለትን ደቂቃ አይቆይልህም። ወደ ብርና ወደ ፈጣም ወንዝ ሸለቆ ስትወርድ ደግሞ የመሬቱን አቀማመጥ ተከትሎ እንዲበር አዝዘው። ከሸለቆው ተነሥቶ ወደ ጉብታ በአንድ ከፍታ የሄደ ድሮን ከመሬት ጋር ያለው ርቀት ስለሚያጥር መደራረቡ ይላላል፤ ሲብስም ከዛፍ ጋር ይጋጫል።

10. ሌዘር ከተከራየህ የምትከራየው ሦስት መሣሪያ እንደሆነ ቁጠረው። ጨረሩ አንዱ ብቻ ነው። ድሮኑ በእያንዳንዷ ቅጽበት የት እንደነበረ የሚነግረው ሳተላይት ተቀባይና ወዴት እንዳዘነበለ የሚነግረው አይኤምዩ አብረው ካልሠሩ፣ ነጥቦችህ ሚዛኑ በተዛባ ነጋዴ እጅ እንዳለ እህል ናቸው፤ ብዛታቸው አያኮራም። ስለዚህ ቤዝህን ቅርብ አድርግ፤ ጥሬውን መረጃ ሳታጠፋ አስቀምጥ፤ ከመጀመርህ በፊትና ከጨረስህ በኋላ አይኤምዩው እንዲረጋጋ የታዘዘለትን በረራ አድርግለት፤ መስመሮቹም ይደራረቡ። በመጨረሻ ጠንካራና ለስላሳ ነገር ፈልገህ ፈትነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አስፋልት ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አቋርጦ ያልፋል፤ ከእርሱ የተሻለ መፈተኛ አታገኝም። ሁለት የበረራ መስመሮች አንዱን አስፋልት ሁለት አድርገው ካሳዩህ ማስተካከል አለብህ። ከወንዝ ላይ ግን ምላሽ አትጠብቅ፤ ውኃ ጨረሩን ይውጠዋል።

11. ሥራህን በሠራህበት ነጥብ አትፍረድበት። ሞዴሉን ያሰርህባቸው ኮንትሮል ፖይንቶች ሁልጊዜ ደግ ደጉን ይነግሩሃል። በቶታል ስቴሽን ወይም በጂፒኤስ ለክተህ ከሶፍትዌሩ የደበቅኻቸው ሌሎች ነጥቦች ይኑሩህ፤ ፍርዱን እነርሱ ይስጡ።

12. ውኃ የሚሄድበትን ሥራ ለድሮን ብቻ አትተው። የመስኖ ቦይ በ1 ኪሎ ሜትር 1 ሜትር ቢወርድ፣ በ100 ሜትር የሚወርደው 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። አምራቹ ራሱ ለኤል2 በ150 ሜትር ከፍታ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ለኤል1 በ50 ሜትር ከፍታ 5 ሴንቲ ሜትር የቁመት ስሕተት ጽፎለታል፤ ያውም በመልካም ቀን። በፎቶ የሚወጣውም በጥሩ ኮንትሮል እዚያው አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ቦዩ ላይ ሣር ካለ ይብሳል። ስለዚህ በድሮኑ የቦዩን መንገድ ምረጥ፤ ቁልቁለቱን ግን ሌቭልና ዘንግ ይዘህ በእግርህ ለካ። ይህን ለወጣት ስነግር ፊቱ ይጠቁራል፤ አሮጌ መሣሪያ መሸከም ያሳፍረዋል። ውኃ ግን ፋሽን አያውቅም።

13. ካሜራውን ግዛ፣ ሌዘሩን ተከራይ። የሌዘሩ ዋጋ ከካሜራው ብዙ እጥፍ ነው፤ እርሱን የሚሸከመው ድሮንም ትልቅ ነው፤ ሲበላሽ መለዋወጫው ከውጭ ይጠበቃል፤ የውጭ ምንዛሪውም ሌላ ጣጣ ነው። በዓመት ስንት ቀን ደን ትቀይሳለህ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል እንዲህ ነው። ፎቶውን ለማቀናበር ኦፕንድሮንማፕ፣ ካርታውን ለመሥራት ኪውጂአይኤስ፣ ነጥቦቹን ለማየት ክላውድኮምፔር አሉልህ፤ ሦስቱም በነጻ ናቸው። ገንዘብህን በጠንካራ ኮምፒውተርና መብራት ሲጠፋ በሚያቆይ ባትሪ ላይ አውል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት ስላለም የከበደህን ነገር ሄደህ ጠይቅ፤ ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 ከአውሮፓና ከምሥራቅ አፍሪካ ተቋማት ጋር በድሮን ፎቶ መሬት ስለመመዝገብ ሲመራመር ቆይቷል።

14. ሌዘር የሚገባበት ቦታ ሲመጣ ደግሞ አትሰስት። ገደል ውስጥ የገባ የጅረት ዳርቻ፣ የባሕር ዛፍ ደን የለበሰ ለግንባታ የተያዘ ቦታ፣ ቁጥቋጦ የዋጠው ቦረቦር፣ የኤሌክትሪክ መስመር፤ እነዚህን በፎቶ እሠራለሁ ማለት ግትርነት ነው። ቀጭን ሽቦ በፎቶ ሞዴል ላይ ተቆራርጦ ይጠፋል፤ በሌዘር ግን ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2018 በጓቲማላ ጫካ ሥር ከ60,000 በላይ የጥንት ማያዎች ግንባታ የተገኘው ከአውሮፕላን በተለቀቀ ሌዘር ነው፤ ምርጡ ካሜራ ከዚያ ጫካ አናት ወርዶ አያይም ነበር። የቡሬው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክን የመሰለ ሰፊና ገላጣ የግንባታ ቦታ ግን፣ የተቆረጠና የተሞላ አፈር ለመቁጠር ብቻ ከሆነ፣ ካሜራ ይበቃዋል። ኤል1ም ኤል2ም ካሜራ አብሮ ተገጥሞላቸዋል፤ ስለዚህ ሌዘሩን በተከራየህበት ቀን ፎቶውንም አብረህ አንሣ። ለማሳ ድንበር ግን አሁንም አስጠነቅቅሃለሁ፤ አምራቹ ለኤል1 የጻፈው የጎን ስሕተት በ50 ሜትር ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በደንብ የተሠራ ፎቶ ከዚህ ያንሳል። ውድ የሆነው ሁሉ በሁሉ አይበልጥም።

15. ስትጨርስ ለአገሩ ትተህ ሂድ። ጥሬውን ፎቶ፣ ጥሬውን የሳተላይት መረጃ፣ የኮንትሮል ነጥቦቹን ዝርዝርና የተጠቀምህበትን ዳተም በአንድ ዲስክ አድርገህ ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አስረክብ፤ ለቀበሌው ደግሞ በትልቁ የታተመ ኦርቶፎቶ ስጥ፤ ከግድግዳ ይሰቀላል፣ ገበሬውም እየመጣ ያየዋል። በላፕቶፕህ ላይ ብቻ የቀረ መረጃ ላፕቶፑ ሲሰረቅ ያልቃል፤ ከዚያ ሌላ ቀያሽ መጥቶ በእነዚያው ሰዎች ራስ ላይ እንደገና ድሮን ያስነሣል። ርክክቡን በፊርማና በማኅተም ሳታስጨርስ የመጨረሻውን ክፍያ አትቀበል፤ ውሉ ላይ ባይጻፍም።